የንጋቱ ጆግ

ሐኪሙ ወረቀቱን ገለበጠና ባዶው ገጽ ላይ የበር መቃን የመሰለ ነገር ሣለ። አንዱ ቋሚ ወደ ላይ ይወጣል፣ አግዳሚው ይሻገራል፣ ሌላው ቋሚ ይወርዳል። ከታች ጫፉ ላይ ጠመም ያለ ጭራ ጨመረበት።

"ትልቁ አንጀት ይኼ ነው። ፊት ለፊታችሁ የቆመ ሰው አድርጋችሁ እዩት፤ ቀኙ በናንተ በግራ በኩል ነው" አለ።

ልብስ ሰፊዋ ይህ አልከበዳትም። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ቆማ በሜትር ስትለካ የኖረች ናትና፣ የሰው ቀኝ የሷ ግራ መሆኑን እጇ ያውቀዋል። የከበዳት አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጇን ማየት ነው። ከቅንድቧ በላይ ፕላስተር ተለጥፎባታል፤ ከንፈሯ ደም የሚባል የለውም፤ እንደታጠበ ሻሽ ነጥቷል። ልጇ መነጽር ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ መስታወት ስትሞርድና ፍሬም ስትገጥም ትውላለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ሱቋ ውስጥ ቆማ ሳለ ትንፋሽ አጥሯት ወንበር ያዘች። ደሟ ተመረመረ፤ ግማሹ የለም። የት ሄደ ሲባል ወደ አንጀት ካሜራ ላኳት፤ ካሜራውም ዕጢ አገኘ።

"የርስዎ እዚህ ነበር፣ እማማ" አለ ሐኪሙ፣ እስክሪብቶውን ከመቃኑ መጨረሻ ላይ አሳርፎ። "መውጫው አጠገብ። የዛሬ ሦስት ዓመት ያወጣንልዎት።"

"አስታውሳለሁ" አለች። እንዴት ትረሳዋለች።

"የሁለታችሁም ጠፍጣፋ ሆኖ የሚያድግ ዓይነት ነው። ወደ ላይ ከመነሳት ይልቅ በገበሩ ላይ እየተነጠፈ የሚሄድ። ግን እንደቦታው ጠባዩ ይለያያል። ታች ያለው ብዙ ጊዜ ጉብ ጉብ ያለ ነው። ሰፊ ይሆናል፣ ይደማል፣ ዝልግልግ ነገር ያወጣል። መንገዱ አጭር ስለሆነም ደሙ ቀይ እንደሆነ ይወጣል፣ ሰው በዓይኑ ያየዋል። የልጅዎ ያለው በቀኝ በኩል ነው፤ እዚያ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጥፍ ይላል። ቀለሙ ገርጣ ያለ ነው፣ ላዩን ስስ ንፍጥ ይለብሳል፣ እጥፋት ጀርባ ይደበቃል። ቢደማም በትንሽ በትንሹ ነው፤ ከታች እስኪደርስ ተቀላቅሎ አይለይም። ሁሌ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ ታችም ለስላሳ አለ፣ ላይም ጉብታ ያለው አለ። ብዙውን ጊዜ ማለቴ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ በጨርቅ ተረጎመችው። የሷ የዱሮ ሶፋ ልብስ ነው፤ እጅ ሲያርፍበት ይጎረብጣል። የልጇ ግን ጎበዝ ሰፊ፣ በዚያው ቀለም ክር፣ ከውስጥ የለጠፈው እራፊ ነው። ብርሃን ላይ ዘርግቶ በጣት ካልዳበሱት አይገኝም።

"እንግዲህ እማዬ ምንጣፍ፣ እኔ መጣፊያ" አለች መነጽር ሠሪዋ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። እናትየው ግን ፊቷ አልተንቀሳቀሰም።

"የልጅዎ መሐሉ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። እሱን አልወደድኩትም። ለስላሳ ሆኖ መሐሉ የጎደጎደ፣ ትንሽም ቢሆን ሥር ሊሰድ ይችላል። ሐሙስ ከሥሩ ፈሳሽ እንወጋለን። እርስዎ ልብስ ሰፊ አይደሉ? ገበሩን ከላይኛው ጨርቅ መለየት በሉት። ዕጢው ብድግ ካለ ቆርጠን እናወጣዋለን፣ በዚያው ያበቃል። ካልተነሳ ሥር ይዟል ማለት ነው። የአንጀቱ ግድግዳ እዚያ ጋ ስስ ስለሆነ ልታገለው አልችልም፤ የቀኙ ጎን በቀዶ ጥገና ይወጣል።"

ከዚያ ሌላ ወረቀት ከፋይሉ ሳበ። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ከሩቅ አወቀችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቷ ውስጥ፣ የቁልፍና የክር መሳቢያዋ ውስጥ ተኝቶ የኖረው ወረቀት ግልባጭ ነው።

"የዛሬ ሁለት ዓመቱ፣ የመጀመሪያው ምርመራሽ" አለ ሐኪሙ ወደ ልጅቷ ዞሮ። "'ቀኙ ጎን በደንብ አልጸዳም፣ በዓመቱ ይደገም' ይላል። አልተደገመም። ነገሩ ያኔም እዚያው ሳይኖር አይቀርም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ግን አንድ ያልገባኝ አለ። የአንጀት ማጠቢያውን መድኃኒት የማታውን ጆግ ጠጣሽ፣ የንጋቱንም ጠጣሽ። ቀኙን ጎን በዋናነት የሚያጥበው የንጋቱ ነው። ሌሊት ከላይ የወረደውን እሱ ነው የሚጠርገው።"

"እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ነው የጠጣሁት። እንዲያውም የንጋቱ ቀሎኝ ነበር።"

"እሱ ነው የገረመን። አንጀትሽ ሰነፍ መስሎን ነው ባለፈው ሳምንት አስተኝተን በእጥፍ የሰጠንሽ።" ፕላስተሩን በዓይኑ ጠቆመ። መነጽር ሠሪዋ ያን ቀን የሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ፣ የመታጠቢያው ጠርዝ ግንባሯን መቷት ነበር። "ለሐሙስም በእጥፍ ይሆናል። አልጋ ስለሌለን ቤትሽ ነው የምትጠጪው። በዚህ ደም ማነስሽ ብቻሽን እንዳትሆኚ፣ ሰው ይኑር አጠገብሽ።"

"እኔ አለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ከሌላ ክፍል የመጣ መሰላት።

ስትፈጠር ጀምሮ ስጉ ናት። አርባ አራት ዓመት የሞላትን ልጅ ዛሬም በር ላይ አስቁማ አንገቷ ላይ ሻርፕ ትጠመጥማለች። ረፋድ ላይ ሱቅ ትደውልና "ቀምሰሻል?" ትላለች። ልጅቷም ደንበኛ ፊት "እማዬ፣ ገና ጥርስ አላወጣሁም" ብላ ትዘጋለች። እናትየዋ ውኃ ሁለቴ ታፈላለች፤ ደረጃ ሲወረድ ትቆጥራለች፤ ሰማዩ ጠራርጎ እያለ ጃንጥላ ታሲዛለች። ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነው፣ የሚሳቅበትም ነው። የማይታወቀው የዛሬ ሁለት ዓመቱ ንጋት ነው።

መድኃኒቱ አራት ፓኬት ዱቄት ነበር። ሁለቱ ለማታ፣ ሁለቱ ለንጋት። ልጇ የማታውን ጠጥታ ሦስት ጊዜ አስመለሳት። በግድግዳው ማዶ ስታቃስት እናት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሰማች። ሊነጋጋ ሲል ተነሥታ ጆጉን ሞላች፤ ሦስተኛውን ፓኬት ቀደደች፤ አንጀቷ ግን አልችል አላት። ባዶ ሆድ ላይ፣ በዚያ ድካም፣ ይህን ሁሉ ጨው? የማታው አጥቦ ጨርሷታል፣ ሌላ ምን ቀረ? ዱቄቱን መታጠቢያው ውስጥ አራገፈችና ቧንቧውን ለቀቀችበት። አራተኛውንም እንዲሁ። ጆጉ ውስጥ ስኳር፣ ቁንጥጫ ጨውና የሎሚ ጭማቂ በጠበጠች። ልጇ አፍንጫዋን ይዛ ጠጣች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ለቀቀች። "ይኼኛውስ ደህና ነው" አለች። እናትየዋ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ያንን ደስታዋን ዛሬ ልታገኘው ብትፈልግ፣ እንደሌላ ሰው ደስታ ሆኖባታል።

ወረቀቱ ሲመጣ መሳቢያው ውስጥ የከተተችው እሷ ናት። ዓመቱ ሲደርስም "ደም አይተሻል?" አለች። "አላየሁም።" "እኔ እኮ ደም አይቼ ነው የሄድኩት። ካላየሽ ደህና ነሽ ማለት ነው፤ ደግሞ በዚያ ጨው አትንገብገቢ።" የሷ ሕመም ያስተማራት ይህንኑ ነበር፤ መጥፎ ነገር ቀይ ሆኖ ይታያል። በየሳምንቱ ትጠይቃለች፣ በየሳምንቱ የለም ትባላለች፣ በየሳምንቱ ትረጋጋለች። ነገሩ ግን በሌላው ቋሚ ላይ፣ ያለ ድምፅ ይነጠፍ ነበር።

በአውቶቡስ ተመለሱ። ልጇ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ልብስ ሰፊዋ ጭኗ ላይ የያዘችው ከረጢት ውስጥ ስምንት ፓኬት አለ። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ፓኬቶቹ ይንሿሿሉ። ለማልቀስ ሞክራ ነበር፤ አልመጣም።

ቤት ሲደርሱ የልጅ ልጇ በር ከፈተች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የሰማችውን ሁሉ ሳታወራ ስለማትውል ቤተሰቡ ጋዜጣ ይላታል። ከረጢቱን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው።

"ስምንት? እማ፣ አንቺን ነው ወይስ የከተማውን ቧንቧ ነው የሚያጥቡት?"

"አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ" አለች መነጽር ሠሪዋ፣ ጫማዋን እያወለቀች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። የንጋቱን አንቺ በጥብጪልኝ፣ ልክ እንዳለፈው ጊዜ። የሆስፒታሉን ልጨርሰው ነበር ያቃተኝ። ያንቺን ግን እንደሎሚናት ነው የጠጣሁት። ምን ብልሃት እንዳለሽ እንጃ።"

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆማ ነበር። መኪናው ላይ የጎረቤት ሱሪ ተዘርግቷል፣ ግማሽ ጠርዙ ታጥፎ በስፒል ተይዟል። አንዱን ስፒል ነቀለችው፤ መልሳ ሰካችው።

"ብልሃት የለኝም" አለች። "መድኃኒት አልነበረበትም።"

"ምኑ?"

"የንጋቱ ጆግ። ስኳርና ሎሚ ነው። ሁለቱን ፓኬት ደፋኋቸው።"

ጋዜጣ አንድ ፓኬት በእጇ እንደያዘች ቀረች።

"ለምን?" አለች መነጽር ሠሪዋ። አልጮኸችም። ደንበኛን የትኛው መስመር ደበዘዘብህ ብላ የምትጠይቅበት ድምፅ ነው።

"ስታስመልሺ ሰማሁሽ። የምትሞቺብኝ መሰለኝ።"

መነጽር ሠሪዋ ያወለቀችውን ጫማ አየች። አንዱን ከሌላው ጎን አስተካክላ አስቀመጠችው። እናትየዋ ስድብ ትጠብቅ ነበር፤ ስድቡ ቢመጣ የምትይዘው ነገር ይኖራታል። አልመጣም።

"አንጀቴ ሰነፍ አይደለም ማለት ነው" አለች ልጇ በመጨረሻ።

"አይደለም።"

"እጥፉም አያስፈልገኝም ነበር።" እጇ ፕላስተሩ ላይ ሄደ።

"አያስፈልግሽም ነበር።"

መነጽር ሠሪዋ ስልኳን አወጣች፣ የሆስፒታሉን ቁጥር ፈልጋ ነካች፣ ሲጠራ ለእናቷ አቀበለቻት። "አንቺ ንገሪያቸው" አለች። ወደ መኝታ ክፍሏ ሄዳ በሩን ገርበብ አደረገችው።

ነርሷ አነሳች። ልብስ ሰፊዋ ቆማ፣ የትምህርት ቤት ልጅ የሠራችውን ጥፋት እንደምታስረዳ፣ ሁሉንም ተናገረች። ሎሚውን ሳይቀር። በወዲያኛው ጫፍ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

"እናቴ" አለች ነርሷ፣ "እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም። አንዷ በሾርባ ለውጣብኛለች። ግን ለምን ያኔ አልነገሩንም?"

"ያኔማ የረዳኋት መስሎኝ ነዋ።"

"እሺ። ሐኪሙን ልጠይቅና ልደውል።" ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደወለች። "እጥፉ ቀርቷል። አራት ብቻ። ሁለት ማታ፣ ሁለት ንጋት። ንጋት ላይ ያሉት ሁለቱ ሐሙስ የምናየውን ነገር ይወስናሉ። ገብቶዎታል?"

"ገብቶኛል።"

ረቡዕ ማታ ጋዜጣ በጠበጠች፤ እናቷ ጠጣች፤ አንዴ ብቻ አስመለሳት። ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። በየጊዜው "እንዴት ነሽ?" ትላለች፤ ከውስጥ "አለሁ" ይመጣል። ሲያነጋጋ መነጽር ሠሪዋ ራሷ ተነሣች። ወጥ ቤት ገብታ ሁለቱን ፓኬት በመቀስ ቆረጠች፤ ጆጉ ውስጥ አራገፈች፤ በረዥም ማንኪያ አማሰለች። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ለመርዳት እጇን አልዘረጋችም። እጇን የት እንደምታደርገው ስላላወቀች ከሹራብዋ ኪስ ከተተችው።

ልጅቷ አንድ ብርጭቆ ጠጣች፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ ብርጭቆውን በእናቷ ፊት ደፍታ አሳየቻት። ጠብታ የለም። ሁለተኛውን ጠጣች፤ አሳየቻት። በሦስተኛው ላይ ዘንበል ብላ ጠረጴዛውን ያዘች። ልብስ ሰፊዋ አንድ እርምጃ ገባች።

"ይብቃሽ" የሚለው ቃል እስከ ጥርሷ መጣ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ያለችው ቃል ነው፤ ያለሱ ሌላ እናትነት የምታውቅ አይመስላትም። ዋጠችው። ወንበሩን ከኮሪደሩ ጎትታ ከልጇ ሥር አደረገችው።

"ተቀምጠሽ ጠጪ" አለች።

መነጽር ሠሪዋ ተቀመጠች። አራተኛውን ጠጣች።

በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል የፕላስቲክ ወንበሮች በብረት ተያይዘዋል፤ አንዱ ሰው ሲነሳ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። ጋዜጣ ስልኳ ላይ ታነባለች።

"አያቴ፣ እኔም አንድ ቀን መታየት አለብኝ ይላል። እማ ከተገኘባት ዕድሜ አሥር ዓመት ተቀንሶ።"

ልብስ ሰፊዋ ቀነሰች። ሠላሳ አራት። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ። የራሷን ዕድሜ ጨመረችበትና ቁጥሩን ተወችው።

"አራቱንም ትጠጫለሽ" አለች።

"እሺ።"

"እናትሽ ይብቃሽ ብትልሽም።"

"እሷ አትልም" አለች ጋዜጣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። ክፋት አልነበረበትም። እንደወትሮዋ ያየችውን ነው የዘገበችው።

ሐኪሙ ሲወጣ ጓንቱን አውልቆ ነበር። አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሮቹ ሁሉ ተንቀሳቀሱ።

"በጣም ንጹሕ ነበር" አለ መጀመሪያ። "ጥግ ጥጉን ሁሉ አየሁት። ፈሳሹን ወጋሁ። ዙሪያው በሙሉ ተነሣልኝ።" አውራ ጣቱን መዳፉ መሐል ላይ አደረገ። "መሐሉ ግን አልተነሣም። ያ ጎድጎድ ያለው ቦታ።"

ልብስ ሰፊዋ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። የሶፋ ትራስ መሐል ላይ ቁልፍ ሲሰፋበት እንደሚሆነው ነው፤ ዙሪያው ይነፋል፣ መሐሉ በክር ተይዞ ይሰምጣል። እሷ ራሷ በመቶ የሚቆጠር ትራስ እንዲህ ሰፍታለች። ክሩ እስከ የት እንደገባ ከላይ አይታወቅም።

"ስለዚህ አልነካሁትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀዶ ጥገና። የቀኙ ጎን ይወጣል፣ የቀረው ይቀጠላል። እስከ የት እንደገባ የምናውቀው ወጥቶ ሲመረመር ነው።"

"ያኔ ቢሆን ኖሮ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት..." አለች።

ሐኪሙ ወለሉን አየ። "ያኔ ይነሣ ነበር ይሆናል። ይሆናል ነው የምልዎት። አላየሁትማ።"

እውነቱን ስለነገራት አመሰገነችው። የሆነ ነገር ሊሰማት ይገባ ነበር፤ ደረቷ ውስጥ ፈለገችው። ሲተኮስ ውሎ እንደቀዘቀዘ ጨርቅ ዝርግ ያለ ነገር ብቻ ነው ያለው።

ወደ ቤት የተመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው። መነጽር ሠሪዋን ማደንዘዣው ገና በደንብ አልለቀቃትም፤ እየተደገፈች ገባች። ለቀዶ ጥገናው ዋዜማ የተሰጣትን ከረጢት ይዛለች፤ አራት ፓኬትና አንድ ወረቀት። ጠረጴዛው ላይ የምትተወው መስሎ ነበር። አልተወችውም። በስፌት መኪናው በኩል ዞረችና የቁልፍና የክሩን መሳቢያ ሳበች፤ ያ ወረቀት ሁለት ዓመት የተኛበትን። ከረጢቱን ከተተችው።

"እዚህ ይቀመጥ" አለች።

"እኔ ጋ?"

"ሌላ የት ይቀመጣል? ቤቱ ውስጥ ምንም ነገር የሚገኘው ያንቺ መሳቢያ ውስጥ ነው።" ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ አልጋዋ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ አልዞረችም። "የንጋቱን አንቺ ትበጠብጫለሽ። እኔ ቆሜ አያለሁ።"

"እሺ፣ ልጄ።"

ልብስ ሰፊዋ መሳቢያውን መልሳ ሳበችው። ፓኬቶቹን አውጥታ ቆጠረች። አራት ናቸው። መልሳ አስገባቻቸው፤ ዘጋችው። ከዚያ መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና የጎረቤቱን ሱሪ አነሣች፤ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች የቀረውን ጠርዝ ሰፋች። ሲያልቅ ብርሃኑ ላይ ዘርግታ፣ ከውስጥ በኩል በጣቷ ዳበሰችው።